ሦስት ሞኒተር፣ አንድ ነጠላ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 4

ክፍሉ 4.20 በ3.10 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.60። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ ላሜራ። ዘፈን የምንቀርጸውም ሚክስ የምናደርገውም (የተቀረጹትን ድምፆች የምናመጣጥነውም) እዚሁ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጥንድ ሞኒተር፣ ማለትም የስቱዲዮ ስፒከር፣ ተጨናንቋል። አንዱ ባለ 8 ኢንች፣ አዲስ፣ ጥቁርና ግዙፍ ነው። ሌላው ባለ 5 ኢንች፣ ብዙ የሠራ፣ ጠርዙ የተላላጠ። ሦስተኛው በውሰት የመጣ ያማሃ ኤንኤስ-10 ሲሆን ነጭ የወረቀት ኮኑ (የሚርገበገበው ክፍል) በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ሄዷል። ሦስቱንም ይዞ መቀጠል አይቻልም፤ ቦታ የለም፣ ትልቁ ካልተፈለገም ተሽጦ ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ይውላል።

የሁሉም መነሻ አንድ ቅሬታ ነው። ከዚህ ክፍል የሚወጡ ሥራዎች መኪና ውስጥ ሲከፈቱ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ይበዛል። ባልደረባዬ «ቤዙን በደንብ በማያሰማ ስፒከር እንዴት አድርገን እንመጥነዋለን? ትልቁን ዋና እናድርገው» ይላል። አንጋፋው ቤዝ ተጫዋቻችን ጋሼ ደግሞ «ቤዝማ ሞልቶ ፈሷል፤ ኢ ክር ሲመታ ሶፋው ይንቀጠቀጣል» ባይ ነው። ሁለቱም ጆሯቸው የሚታመን ሰዎች ናቸው። የተናገሩትም ስለ አንድ ዘፈን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ልዩነታቸው አንዱ ወንበሩ ላይ፣ ሌላው የኋላ ግድግዳ ሥር ካለው ሶፋ ላይ መቀመጣቸው ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ጻፍኩት።

ኅዳር 6

እንደተለመደው ስፒከሮቹ ፊት ለፊት እየታዩ ሰማን፤ ሁሉም በየወረቀቱ ነጥብ ሰጠ። ትልቁ አንደኛ፣ ትንሹ ሁለተኛ፣ ኤንኤስ-10 መጨረሻ። ወረቀቶቹ ላይ ስለ ትልቁ የተጻፉት ቃላት «ሰፊ»፣ «የሚያስተማምን»፣ «ጉልበታም» የሚሉ ናቸው። ልብ ብሎ ላነበባቸው፣ ሣጥኑን እንጂ ድምፁን የሚገልጹ አይመስሉም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ፍሎይድ ቱል የተባሉት ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት የሠሩት፣ በኋላም ስፒከር አምራቹ ሐርማን ኩባንያ ገብተው ከሾን ኦሊቭ ጋር የቀጠሉት ይህንኑ ጉዳይ ነው። በ1994 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት 40 የኩባንያው ሠራተኞች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ በመጋረጃ ተሸፍኖባቸው እንዲያወዳድሩ አደረጉ። ሲታዩ ትልልቆቹና መልከ መልካሞቹ ነጥባቸው ከፍ አለ፤ ትንሹና ርካሹ ወረደ። በመጋረጃ ሲሸፈኑ ልዩነቱ ጠበበ። ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ሰሚዎቹ ስፒከሩን እያዩ ሲፈርዱ የስፒከሩ ቦታ መቀየር በድምፁ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እምብዛም ልብ አላሉም፤ ሲጋረድባቸው ግን አወቁት። ዐይን የራሱን ፍርድ ከማቀበሉም በላይ ጆሮን ያደነዝዛል ማለት ነው።

ስለዚህ የዛሬውን ወረቀት ሰብስቤ አስቀመጥኩት። ለምርጫ አይጠቅምም፤ ለንጽጽር ግን ያስፈልገናል።

ኅዳር 9

የድምፅ መጠን። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ሹ የሚል የሙከራ ድምፅ በሦስቱም ለቅቄ ለካሁ። ማዞሪያዎቹ «መሐል» ላይ እያሉ ትልቁ ከትንሹ በ2.5 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይበልጣል። ብዙ ይመስላል? አይመስልም፤ ችግሩም እሱ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲያንስ ሰሚው «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ»፣ «ሰፋ»፣ «ቤዝ አለው» ነው የሚለው። ፍሌቸርና ማንሰን በቤል ላቦራቶሪ በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ያለው ስሜት ከድምፁ መጠን ጋር ይለዋወጣል። ቀስ ብሎ ሲከፈት ቤዙ ይጠፋል፣ ከፍ ሲል ይመጣል። ስፒከር የሚሸጥ ሰው ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል።

ሦስቱንም 76 ዴሲቤል ላይ እኩል አደረግኳቸው። ማዞሪያዎቹ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ተደርጓል፤ ማንም እንዳይነካቸው ተባብለናል።

ኅዳር 12

ልኬት። ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኘው ሩም ኢኪው ዊዛርድ ነው፤ ማይክሮፎኑ የየራሱ የማረሚያ ፋይል ያለው፣ ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ። ከ20 ሄርዝ (በሰከንድ 20 ርግብግቦሽ) ተነሥቶ እስከ 20,000 የሚወጣ ፉጨት ይለቀቃል፤ ፕሮግራሙ የሰማውን ከላከው ጋር አስተያይቶ ግራፍ ያወጣል።

በነገራችን ላይ ባልደረባዬ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የፈረንጁ ስሌት አይሠራም» ብሎ ነበር። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይደለም፤ 20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር የሚለው ቁጥር እዚህም ያው ነው። ሐሳቡ ግን ጨርሶ ከንቱ አይደለም። አየሩ ስለሚሳሳ ያው ኮን ያንኑ ያህል ቢርገበገብ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ በ2 ዴሲቤል ግድም ያነሰ ድምፅ ይሰጣል። ለምርጫችን ለውጥ የለውም፤ ሦስቱም እዚሁ ከፍታ ላይ ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር። ፍጥነቱን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ሲያካፍሉት 40.8 ሄርዝ ይመጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ኢ 41.2 ሄርዝ ነው። ለወርዱ ሲሰላ 55.3፤ ኤ ክር ደግሞ 55። ይህን ክፍል የሠራው ግንበኛ ቤዝ ተጫዋች ኖሮ ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይገጥምለትም ነበር። እነዚህ ኖታዎች በሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሱ ይቆማሉ፤ ግድግዳው ሥር ግፊታቸው ከፍተኛ፣ ክፍሉ መሐል ላይ ወደ ዜሮ የተጠጋ ይሆናል። ወንበሩ ከፊት ግድግዳ 2 ሜትር ላይ ነው፤ የክፍሉ እኩሌታ ሊሆን 10 ሴንቲ ሜትር የቀረው።

ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ወንበሩ፣ ቀጥሎ ሶፋው ላይ አደረግኩ። 41 ሄርዝ ላይ የሁለቱ ልዩነት 17 ዴሲቤል ሆነ። ባልደረባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ቤዝ የለም» ያለው እውነት ነው። ጋሼ ሶፋው ላይ ሆነው «ሞልቶ ፈሷል» ያሉትም እውነት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የጎደለውን ቤዝ የሚጨምር ሰው መኪና ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ በኋላ መናገር አያሻም።

ትልቁ ስፒከር ይህን አይፈታውም። ወንበሩ ላይ ያለውን ጎዶሎ በጥቂቱ ሲያነሣ ሶፋው ላይ ያለውንም ያንኑ ያህል ያሳብጠዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አይነካም። በዚህ ስፋት ባለ ክፍል ውስጥ ከ200 ሄርዝ በታች የሚናገረው በአብዛኛው ክፍሉ ነው፤ ስፒከሩ ቃል አቀባይ ብቻ ነው።

ጋሼ ግራፉን አይተው «እኔ በነጻ የነገርኳችሁን ነው በማሽን ያመጣችሁት» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ኅዳር 13

50 ሄርዝ ላይ ቀጭን ቀንድ ታየ፤ የመብራት መስመሩ ጉምጉምታ ነው። ኮምፒውተሩንና አምፕሊፋየሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካናቸው፤ ጠፋ።

ፉጨቱ 90 ሄርዝ አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ የበሩ ላሜራ ይርገፈገፋል። ግራፉ ላይ ምንም አይታይም፤ በጆሮ ግን ወዲያው ይለያል። በሩ ዙሪያ የጎማ ጥብጣብ ተለጠፈ።

ኅዳር 21

የመጋረጃውን ፈተና ለመሥራት ሁለት ነገር አስፈለገ። አንደኛው ሦስቱም ስፒከሮች በየተራቸው አንድ ቦታ ላይ እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ጎን ለጎን ከተደረደሩ የምናወዳድረው ቦታዎቹን ይሆናል። አናጺው 1 ሜትር ስፋት ያለው ክብ የቺፕውድ ገበታ ቆርጦ በአሮጌ የመኪና ጎማ ኩሽኔታ ላይ አስቀመጠልን። ሦስቱ ስፒከሮች፣ ከየጥንዱ አንድ አንድ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይቆሙበታል፤ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ያዞረዋል። ነጠላ ስፒከር መጠቀማችን ለቁጠባ ብቻ አይደለም። በስቴሪዮ ከመስማት ይልቅ አንዱን ብቻ መስማት የድምፅ ጉድለትን አጉልቶ እንደሚያወጣ የቱል ሥራዎች አሳይተዋል።

ሁለተኛው መጋረጃው ነው። ድምፅ የሚያሳልፍ፣ ዐይን የማያሳልፍ። ነጠላም ጋቢም ሞከርን፤ በማይክሮፎን ለካናቸው። ጋቢው አራት እጥፍ ስለሆነ ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ይበላል። ነጠላው እስከ 10,000 ድረስ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል አይበልጥም፤ ከዚያ በላይም ጥቂት ነው፣ ለሦስቱም እኩል ነው። በሁለት ሞራሌ መካከል ተወጠረ፤ ከጀርባው ያለው መብራት ጠፍቶ ከፊቱ ያለው ሲበራ ከኋላው ምንም አይታይም። ጋቢው ገበታው ላይ ተነጥፎ ነጸብራቅ ይከላከላል፤ ሥራ አላጣም።

ኅዳር 26

ሰሚዎቹ ባልደረባዬ፣ ጋሼ፣ አንድ ወጣት ኪቦርድ ተጫዋችና የሠፈራችን ነዋሪ የሆነች ቡና ቀማሽ ናቸው። የመጨረሻዋን የጋበዝኳት ሆን ብዬ ነው። በአገራችን የቡና ደረጃ ምደባ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ ምርመራ፣ 60ው ለስኒው ቅምሻ ነው የሚሰጠው። በምርት ገበያ አሠራር ናሙናው ቀማሹ ፊት የሚቀርበው በኮድ ነው፤ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። ልኬቱም ምላሱም በየድርሻቸው ተከብረው ይኖራሉ። ድምፅ መሐንዲሶች «ጆሮ ነው ወይስ ማሽን?» እያሉ ሲጣሉ እሷ የሚገባት ነገር አልነበረም፤ «ኮድ አትሰጡትም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

አንድ በአንድ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ ሰሙ። የማሲንቆና የወንድ ድምፅ ቀረጻ፣ የሴት ድምፅ በክራር፣ ከበሮና ቤዝ ያለበት ሙሉ ባንድ፣ ፒንክ ኖይዝ። ኮዶቹ ከተራ ተራ ይቀያየራሉ። መሐል ላይ ያንኑ ስፒከር በሌላ ኮድ ደግሜ አቅርቤያለሁ፤ ማንም አልተነገረውም።

ውጤቱ ከኅዳር 6ቱ ወረቀት ጋር አይገናኝም። ትንሹ አንደኛ ወጣ። ትልቁ በሙሉ ባንዱ ጥሩ ነጥብ ቢያገኝም በሰው ድምፅ ላይ ወደቀ፤ «ዘፋኙ ሩቅ ነው»፣ «አፉን ሸፍኖ ነው የሚዘፍነው»፣ «መሐሉ ባዶ» ተብሎ ተጽፎበታል። ኤንኤስ-10 በቤዝ የመጨረሻውን ነጥብ ያዘ፤ በማሲንቆው ግን ጋሼ ከሁሉ አስበልጠውታል። ማን እንደሆነ ስነግራቸው «ያ ነጫጭባው? አይሆንም» ብለው ነጠላውን ገልጠው አዩ።

ተደግሞ የቀረበውን ስፒከር በተመለከተ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተቀራራቢ ነጥብ የሰጠችው ቡና ቀማሿ ናት። ስቱዲዮ ገብታ አታውቅም። ከመካከላችን አንዱ፣ ጆሮው የተመሰከረለት፣ ያንኑ ስፒከር አንድ ጊዜ አመስግኖ ሌላ ጊዜ ቀብሮታል። ስሙን አልጽፍም፤ ማስታወሻውን እሱም ያነበዋል። ኦሊቭ በ2003 ባወጡት ጥናት የሠለጠኑና ያልሠለጠኑ ሰሚዎች ስፒከር የሚመርጡት በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው፤ ሥልጠናው የሚጨምረው የፍርድን ጽናት ነው። ጽናት በቡናም ይማሩታል፣ ለካ።

ኅዳር 28

«አፉን ሸፍኖ» የሚለውን ይዤ ወደ ልኬት ተመለስኩ። ወንበሩ ላይ የተወሰደው ግራፍ መልስ አልሰጠም፤ ፊት ለፊት ትልቁ እንዲያውም ከሦስቱ የተስተካከለው ነው። የሽያጭ ወረቀቱም ያንን መስመር ነው የሚያሳየው።

የሚሽከረከረው ገበታ እዚህ ላይ ሁለተኛ ጥቅም አገኘ። ጠርዙ ላይ የዲግሪ ምልክት አድርጌ ስፒከሩን በ15 ዲግሪ እያዞርኩ፣ ከ1 ሜትር ርቀት ለካሁ። ከወለልና ከኮርኒስ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ስለሚደርስ ፕሮግራሙ ከዚያ በፊት ያለውን ብቻ እንዲወስድ ይታዘዛል። ስለዚህ ከ200 ሄርዝ በታች ያለው አይታመንም፤ የምፈልገው ግን ከዚያ በላይ ያለውን ነው።

45 ዲግሪ ላይ ትልቁ 2,000 ሄርዝ አካባቢ ይጎደጉዳል፤ ከዚያ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ሲረከብ እንደገና ይነሣል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። ሰፊ ኮን የሞገዱ ርዝመት ከራሱ ስፋት ጋር ሲቀራረብ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ ማነጣጠር ይጀምራል፤ ለ8 ኢንች ይህ የሚሆነው 2,000 ሄርዝ ገደማ ነው፣ ለ5 ኢንች ግን ከ3,000 በላይ። የትንሹ ግራፍ በየዲግሪው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ቅርጹ አይሰበርም። ግድግዳው ራቁት ብሎኬት በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከጎን የወጣው ድምፅ ሁሉ ወዲያው ተመልሶ ጆሮ ላይ ያርፋል። የሰው ድምፅ ግልጽነት ያለው እዚያው 2,000 አካባቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ይህንን ነው። ጉድለቱን ያገኘው ጆሮ ነው፤ ምን እንደሆነ የተናገረው ማይክሮፎን። ነጠላው ባይኖር ጆሮው አያገኘውም ነበር፤ ጆሮው ባይጠቁም ማይክሮፎኑን 45 ዲግሪ ላይ የሚያዞረው አልነበረም። «ጆሮዬን ነው የማምነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ከእንግዲህ የምጠይቀው ዐይኑ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጋርዶ ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 3

ስለ ኤንኤስ-10 ጥቂት። ያማሃ በ1978 ሲያወጣው ለቤት ነበር፤ እንደ ቤት ስፒከር ብዙም አልተወደደም። በ1980ዎቹ ግን የዓለም ስቱዲዮዎች የማይለይ ዕቃ ሆነ፤ ትዊተሩ ይጮኻል እየተባለ ለስላሳ የወረቀት መሐረም የሚለጠፍበት ጊዜ ነበር። በ2001 ምርቱ የቆመው የኮኑ ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ፐልፕ (ድቁስ) በመጥፋቱ ነው።

ፊት ለፊት የተለካው ግራፍ አያምርም፦ 1,500 እና 2,000 ሄርዝ መካከል ያብጣል፣ ቤዙ ቀድሞ ይወርዳል። በግራፍ ብቻ ቢፈረድ ማንም አይገዛውም። በ2001 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ ግን ሌላ ነገር አወጣ፤ ሣጥኑ የተዘጋ ስለሆነ ወፍራሙ ድምፅ ከተቋረጠ በኋላ ሳይጎተት ቶሎ ይቆማል። እኛም የጊዜውን ግራፍ ስናወጣ ያንኑ አየን። ከ60 ሄርዝ በታች የሚለቀው ጥቂት ስለሆነ የክፍሉን 41 እና 55 አይቀሰቅስም። የማሲንቆው ቀስት ፍቅፍቅታ ደግሞ እብጠቱ ላይ ይወድቃል፤ የጋሼ ነጥብ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ «ልኬቱ ከጆሮ ጋር ይጋጫል» የሚባለው ሲጣራ ብዙ ጊዜ አንድ ልኬት ብቻ ተወስዶ ነው።

ታኅሣሥ 11

ለሚዛን ያህል ማይክሮፎኑን የሚከስስ ነገርም ይመዝገብ። ቁመቱን 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሳደርገው ከ1,000 ሄርዝ በላይ ያለው መስመር በሙሉ ተቀያየረ፤ ከጠረጴዛው የሚመለሰው ድምፅ ነው። ራሴን ያንኑ ያህል ዝቅ ሳደርግ ግን ለውጡን ለማወቅ እቸገራለሁ። ሁለት ጆሮና አንድ አእምሮ በመጀመሪያ የደረሰውን ድምፅ ከተከታዩ ነጸብራቅ እየለዩ ያደምጣሉ፤ አንድ ማይክሮፎን አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ሁሉንም ይደምራል። ጭንቅላት በሚንቀሳቀስበት ስፍራ ውስጥ በየቦታው ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል።

ታኅሣሥ 19

ወደ ክፍሉ። ወንበሩ ከፊት ግድግዳ 1.55 ሜትር ላይ ሆነ። ስፒከሮቹ ከግድግዳው 70 ሴንቲ ሜትር ርቀው ነበር፤ ከጀርባ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ 122 ሄርዝ ላይ እያጠፋፋቸው የከበሮውን ሆድ ይወስድ ነበር። ግድግዳው ድረስ አስጠጋናቸው፤ ጉድጓዱ ወደ ላይ ሸሸ፣ እዚያ ደግሞ ቀጭን ንጣፍ ይበቃዋል። በሞራሌ ፍሬም፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሳይ ነገር) እና በአቡጀዲ ሽፋን የተሠሩት ንጣፎች ከስፒከሮቹ ጀርባ፣ በሁለቱ ጎኖችና በማዕዘኖቹ ላይ ቆሙ።

የእንቁላል ካርቶን ይዞልን የመጣ ወዳጅ ነበር። በትሕትና መለስነው። ክብደት የሌለው ወረቀት 41 ሄርዝን ያቆማል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ የዚህ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ነው።

እንደገና ሲለካ በወንበሩና በሶፋው መካከል ያለው የ41 ሄርዝ ልዩነት ከ17 ወደ 8 ዴሲቤል ወርዷል። ያመጣው ግን ወንበሩን መግፋታችን እንጂ ንጣፉ አይደለም፤ ያለ ንጣፍ የለካሁት ያው ነበር። ንጣፎቹ የሠሩት ከ150 ሄርዝ በላይ ነው። የጭብጨባ ማስተጋባቱ ጠፍቷል።

ታኅሣሥ 26

ፈተናው በነጠላ ተደገመ። ትንሹና ትልቁ በጣም ተቀራርበዋል፤ የጎን ግድግዳው ሲሸፈን የትልቁ ጉድለት ምስክር አጣ። ትንሹ አሁንም በሰው ድምፅ ይመረጣል፣ በጥቂቱ። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ቡና ተፈላ፤ ቀማሿ ስለ ቡናችን ያለችውን አልመዘግብም።

ጥር 14

የጥምቀት ድምፅ ማጉያ ከሠፈር ከተነሣ በኋላ የመጨረሻው ልኬት ተወሰደ። ትንሹ ዋና ሆኖ ቀርቷል። የኤንኤስ-10 ባለቤት በሽያጭ ሊለቅልን ተስማምቷል፤ ለዘፋኝና ለማሲንቆ መፈተሻ ጎን ላይ ይቆማል። ባልደረባዬ በትልቁ መሸጥ አልተከራከረም፤ ጋሼ ግን አዝነዋል። «ልክ መሆኑንማ እንጃ፤ ደስ ግን ያሰኘኝ ነበር» አሉ። ለደስታ መስማትና ለሥራ መስማት ሁለት ስለሆነ አልሞገትኳቸውም።

ለሙከራ ያወጣነው ሥራ ሁለት መኪና ውስጥ ተደምጧል፤ ቤዙ ቦታው ላይ ነው። ያልተፈታው 66 ሄርዝ ነው፤ የክፍሉ ቁመት የሚፈጥረው። የተቀመጠ ሰው ጆሮ 1.20 ላይ ነው፣ የቁመቱ እኩሌታ 1.30፤ የከበሮው ወፍራም ምት እዚያ ይጠፋል። ድምፁን በየውፍረቱ በሚያስተካክለው ኢኩዌላይዘር አይሞላም፤ የተጨመረው ሁሉ እዚያው ይጠፋፋል። ኮርኒሱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ለመስቀል አናጺው የብረት ማንጠልጠያ ዋጋ እያጠያየቀ ነው፤ እስከዚያው ከበሮ ያለበትን ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ እንፈትሻለን።